የተለማመድኩት ለቅሶ

በፊልም ስንት ልጅ እንደቀበርኩ አላውቅም። ጋዜጠኞች ሲጠይቁኝ ቆጥሬ አላውቅም እላቸዋለሁ። በመኪና አደጋ የሞተብኝ አለ፣ በስደት መንገድ ላይ የቀረ አለ፣ በፍቅር ታሞ የሞተ አለ። አንዱ ደግሞ ፊልሙን ሙሉ ሳለቅስለት ቆይቼ በሁለተኛው ክፍል በጤናው መጣ። በእውነተኛው ሕይወቴ ልጅ የለኝም። ስለ ትዳርም እዚህ አልጽፍም፤ አንባቢን የሚመለከት ነገር አላገኘሁበትም።

የምጽፈው ስለ እናቴ ቀብር ነው። ምክንያት አለኝ። ለረጅም ዘመን አገልግሎት ተብሎ ሽልማት የተሰጠኝ ቀን መድረክ ላይ ወጥቼ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈልኝን የምስጋና ዝርዝር አንብቤ ወረድኩ። በዝርዝሩ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ግማሾቹ በሕይወቴ አንድ ቀን እንኳ ደግ ነገር አላደረጉልኝም። ማመስገን የነበረብኝ ሰው ግን አዳራሹ ውስጥም አልነበረችም፣ ዝርዝሩ ውስጥም አልነበረችም። ያንን ነው አሁን የማስተካክለው። ነገር ግን ወደ እሷ ከመድረሴ በፊት የማልፋቸው ሰዎች አሉ፤ ዝም ብዬ ላልፋቸው ደግሞ አልችልም።

ከመጀመሪያው አዘጋጅ ልጀምር። ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ከሥራ በኋላ በአማተር የቴአትር ክበብ ውስጥ እጫወት ነበር። ሰውየው በቪዲዮ የሚቀረጽ ፊልም ሊሠራ ተዋናይ እየመረጠ መሆኑን ሰምቼ አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ፀጉሬን ተተኩሼ፣ ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ቀሚስ ለብሼ፣ በፊልሙ ያለችውን ፍቅረኛ ንግግር ከዳር እስከ ዳር ሸምድጄ ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ እጁን አነሳ።

«ፊትሽ ደህና ነው» አለኝ። «ግን ለእናት ነው የሚሆነው።»

«ለማን እናት?»

በአገጩ ወደ በሩ ጠቆመኝ። በሩን ተደግፎ የቆመው ሰው በኋላ አገር ሁሉ ያወቀው መሪ ተዋናይ ነው። ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ፀጉሬ ላይ ዱቄት ነስንሰው፣ ጀርባዬን አጉብጠው እናቱ አደረጉኝ። ከዚያ በኋላ በስንት ፊልም ወለድኩት።

አዘጋጁን ለብዙ ዓመት ስረግመው ኖርኩ። አሁን ግን እውነቱን ልናገር። ያኔ ፍቅረኛዋን የተጫወተችው ቆንጆ ልጅ ከሦስት ፊልም በኋላ የሚጠራት ጠፋ። እኔ ግን በየታሪኩ ውስጥ አንድ እናት ስለምታስፈልግ ሥራ ፈትቼ አላውቅም። በካሴት ዘመን እናት ነበርኩ፣ ፊልም በየሲኒማ ቤቱ ሰልፍ በሚያሰልፍበት ዘመን እናት ነበርኩ፣ ዛሬ ሁሉም ነገር በስልክ በሚታይበት ዘመንም እናት ነኝ። ሰውየው ሰድቦኛል፤ እስከ ዛሬ የበላሁት እንጀራ ግን ከዚያው ስድብ የመጣ ነው። ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር። ቀብሩ ላይ አልነበርኩም፤ ቀረጻ ነበረኝ።

መሪ ተዋናዩ ደግሞ በሕይወት አለ፤ ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል። አንድ ጊዜ በሬዲዮ ቀርቦ «እሷን ማልቀስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ብሎ ተናግሯል። የመጀመሪያው ፊልም ላይ እንባ እምቢ ሲለኝ በጠረጴዛ ሥር ክንዴን እንደቆነጠጠኝ እየሳቀ አወራ። መቆንጠጡ እውነት ነው። ያን ቀን ያለቀስኩትም በንዴት ነው። ከዚያ ወዲያ ግን አንድም ጊዜ በእሱ ምክንያት አላለቀስኩም። ማልቀስ የተማርኩት መካኒሳ ነው፤ ያስተማረችኝም ሳታለቅስ ነው።

ቤታችን ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ነው። ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው። በአንድ በኩል ግድግዳችን ከጎረቤታችን ሱቅ ጋር የጋራ ነው። ጎረቤቴ ከቡታጅራ በኩል የመጣች ሙስሊም ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ታንሳለች። ከባሏ ጋር ሆነው ሱቁን የከፈቱት እኔ ገና ታይፒስት ሳለሁ ነው። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ሻማ ይሸጣሉ። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ከመጣ ወዲህ ቀኑን የምትውለው እዚያ ሱቅ በር ላይ፣ በአንድ የፕላስቲክ ወንበር ነበር። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ስመለስ ምሳዋን በልታ፣ መድኃኒቷን ወስዳ፣ የሰፈሩን ወሬ ሰምታ ትጠብቀኛለች። ይህን ሁሉ ያደረገችው ጎረቤቴ ናት። ለዓመታት እንደ ተራ ነገር ነበር የማየው።

የጎረቤቴ ባል በድንገት ሞተ። ለቅሶ ልደርስ ስገባ ሴቶቹ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። እሷ አታለቅስም ነበር። የሱቅ ጃኬቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ አዝራሮቹን ትቆልፋለች፤ ቆልፋ ስትጨርስ ትፈታቸዋለች፤ እንደገና ትቆልፋለች። አንድ ሰው ሊወስድባት ሲል እጁን ገፋ አድርጋ ቀጠለች። አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። አዝኜ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን አየሁም። የእኛ ሥራ ክፉ ጎኑ ይህ ነው፤ ሰው በሚያዝንበት ቦታ ሁለተኛ ዓይን ይዘን እንገባለን።

በዓመቱ አንድ ፊልም ላይ ልጄ ሞተ። ስክሪፕቱ «እናት ጮኻ ትወድቃለች» ይላል። አልጮህኩም። ካፖርቱን ጭኔ ላይ አድርጌ አዝራሮቹን ቆለፍኩ፣ ፈታሁ፣ ቆለፍኩ። ካሜራ የሚይዘው ሰው ሲያለቅስ አየሁት። እኔን እኔ ያደረገኝ ያ ፊልም ነው። ከሲኒማ ቤት ሰው እየተነፋረቀ ወጣ፤ ሽልማቱም መጣ፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ «እማዬ» የማይለኝ ጠፋ።

ፊልሙ ለበዓል በቴሌቪዥን ሲታይ ጎረቤቴ ከእናቴ ጋር ተቀምጣ አየችው። በማግስቱ ሱቁ በር ላይ አገኘኋት።

«አየሁት» አለችኝ።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ያኔ ይቅርታ የምጠይቅ ሰው አልነበርኩም።

«አንቺ ከላይ ነው የጀመርሽው» አለች። «እኔ ከታች ነው የጀመርኩት። እሱ ሁልጊዜ ከታች ነበር የሚቆልፈው።» ከዚያ ደንበኛ መጣና ስኳር ልትመዝን ገባች።

ለብዙ ጊዜ ይህን ንግግሯን እንደ ስድብ ይዤው ቆየሁ። ሥራዬን ስታርም እንዴት ትደፍራለች ብዬ ተቀየምኳት። ከእናቴ ጋር የነበራቸው ነገር እንደ ወትሮው ቀጠለ፤ እኔና እሷ ግን ሰላምታ ብቻ ሆንን።

አሁን ወደ እድሩ ልምጣ። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የሰፈራችን እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ምጣድና ድስቱን ያቀርባል፣ አባላቱም ቀብር ይወጣሉ። ቀብር ላይ ስም ይጠራል። የቀረ ይመዘገባል፤ ሲበዛበት ይሰረዛል። እናቴ ጉልበቷ እስኪያቅታት ድረስ በቤታችን ስም ቀብር የምትወጣው እሷ ነበረች። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። እሷ ስትደክም ተራው የእኔ ሆነ፤ እኔም አንድም ቀን ተገኝቼ አላውቅም። የቀብር ቀን አስቀድሞ አይነገርም፤ የቀረጻ ቀን ደግሞ አይፈርስም።

የእድሩ ጸሐፊ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «መምህር» ይላቸዋል። ደንብ የሚወዱ ሰው ናቸው። አንድ እሑድ በስብሰባ መሐል አስነሱኝ።

«እርስዎ ዘንድሮ ስንት ቀብር እንደቀሩ ያውቃሉ?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ መምህር።»

«ምን ሥራ?»

«ቀብር» አልኩ። የምንቀርጸው ቀብር ስለነበር ነው። የተሰበሰበው ሰው በሙሉ ሳቀ። መምህር አልሳቁም።

ከኋላ አንዲት ወፈር ያለች ሴት፣ የእድሩን ዕቃ የምትጠብቀዋ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ለውሸቱ ትደርሳለች፤ ለእውነቱ ትቀራለች» አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት፦ «አትቀርም እንጂ። ስትመጣ ለቅሷችንን ይዛ ትሄዳለች።» ይህን ስትል ጎረቤቴን እያየች ነበር። ጎረቤቴ አንገቷን አቀርቅራ ቀረች።

ተሰረዝኩ። ደንቡን አንብበው ነው የሰረዙኝ፤ ቃል በቃል። እየወጣሁ «አርቲስት ቀባሪ አያጣም» አልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ። ቤት ስገባ ግን ፍርሃት ያዘኝ። ለራሴ አልፈራሁም። እኔ ብሞት ቴሌቪዥን ይመጣል፣ አበባ ይመጣል። እናቴ ግን ሰማንያ ሰባት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ለቅሶ ስትደርስ የኖረች ሴት፣ ያለ ድንኳን፣ ያለ ጎረቤት፣ በሁለት የፊልም ሠራተኛ ልትቀበር ነው። የሰረዝኳት እኔ ነኝ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። አራት ዓመት ሙሉ ደበቅኳት።

እነዚያን አራት ዓመታት ሌሊት ስትስል በሰማሁ ቁጥር የማስበው ድንኳኑን ነበር።

ለሥራዬ ቤት ውስጥ ድምፄን አውጥቼ ነው የምለማመደው። ሰፈሩ ለምዶታል። እናቴ ዓይኗ ከጠፋ በኋላ በጮህኩ ቁጥር ከመኝታ ቤት «ማን ሞተ?» ትለኛለች። «ማንም አልሞተም፤ ሥራዬ ነው» ስላት «እንግዲያው ቀስ በይ፤ ጎረቤት ይደነግጣል» ትላለች። ጎረቤት መደንገጥ ከተወ ቆይቷል፤ ያንን አልነገርኳትም።

በዚያ ሳምንት ለቡ ውስጥ በተከራዩት አንድ ቪላ ተከታታይ ድራማ እየቀረጽን ነበር። የሚመጣው ትዕይንት የታወቀው ነው፤ ልጅ ይሞታል። ሦስት ቀን ቤት ውስጥ ተለማመድኩት። በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ለእናቴ አጥሚት ይዤ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። እጇን ስነካው ቀዝቅዟል።

ጮህኩ። በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚጮኸው ለማልቀስ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ለመጥራትም ነው። በጩኸቱ በር ይከፈታል፣ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ ይመጣል። እኔም ጮህኩ፤ ጠበቅኩ፤ ማንም አልመጣም። ከአጥሩ ውጪ ሁለት ሴቶች ሲያልፉ ሰማሁ።

«ዛሬስ በጠዋቱ ጀመረችው።»

«ያሁኑ ስንተኛ ልጇ ነው?»

እየተሳሳቁ አለፉ።

ወጥቼ «እውነቴን ነው» ማለት እችል ነበር። በሩ ስድስት እርምጃ አይሞላም። አልወጣሁም። ለዚያ ሰፈር ለቅሶዬ እውነት ነው ብዬ ምስክር መቁጠር ሞት ሆነብኝ። ወለሉ ላይ፣ ከአልጋው ሥር ተቀምጬ፣ የእናቴን እግር ይዤ፣ እንዴት እንደሆነ የማላውቀው ድምፅ እያወጣሁ ቀረሁ። የሚያስበው አእምሮዬ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለው፦ ለፕሮዲዩሰሩ ልደውልና የቀረጻውን ድንኳን ላስመጣ። እናቴን ለፊልም በተከራዩት ድንኳን ልሸኛት።

ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። የግቢው በር ሳይንኳኳ ተከፈተና ጎረቤቴ ገባች። እጇ ላይ የስኳር ብናኝ ነበር። አልጋውን አየች፤ እኔን አየች። ጎንበስ ብላ የእናቴን ዓይን በመዳፏ ዳሰሰች።

«በምን አወቅሽ?» አልኳት። መጀመሪያ የወጣኝ ቃል ይህ ነው።

«በግድግዳው ሦስት ቀን ስሰማሽ ነው የሰነበትኩት» አለች። «ታለቅሻለሽ፣ ታቆሚያለሽ፣ ተመልሰሽ ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ። ዛሬ ከመጀመሪያው ስትጀምሪ አልሰማሁም።»

አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ነው በደንብ ያለቀስኩት።

ትንሽ ቆይታ «ተነሺ፤ እድሩን ልጥራ» አለችኝ።

«እድር የለኝም። ተሰርዣለሁ፤ አልሰማሽም?»

«አንቺ የለሽም» አለች። «እማማ ግን አላት።»

አልገባኝም። ነጠላዬን እያነሳች ነገረችኝ። እኔ በተሰረዝኩ በሳምንቱ መምህር ዘንድ ሄዳ፣ በራሷ መዝገብ ላይ፣ ከቤተሰቧ ዝርዝር ውስጥ እናቴን «እናት» ብላ እንዲጽፉላት ጠይቃለች። መምህር መነጽራቸውን አውልቀው አዩአት አሉ።

«እናትሽ ቡታጅራ አርፈው እኛው ሄደን አላስተዛዘንንም?»

«አዎ፤ እሷ አንዷ ናት።»

«ሰው ስንት እናት ነው ያለው?»

«ደንቡ ስንት ይላል?»

መምህር ደንቡን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ደንቡ «እናት» ይላል፤ ስንት እንደሆነ አይልም። ደግሞ ገለበጡት። ሃይማኖትም አይጠይቅም። ደንቡን አጥፈው «ደንቡ ካልከለከለ እኔ አልከለክልም» ብለው ጻፉላት። አራት ዓመት ሙሉ እናቴ በሰፈሩ መዝገብ ላይ የባለሱቋ እናት ነበረች። ይህን መምህር ያውቃሉ፣ የእድሩ ዳኛ ያውቃሉ፣ ያቺ ወፍራም ሴት እንኳ ታውቃለች። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺ ስትሰሚ እምቢ ትያለሽ። ኩራትሽን እናውቀዋለን።»

«በአዝራሩ ጊዜ እኮ እኔ...»

«አሁን ስለ ፊልም ነው የምታወሪው?» አለችና ወጣች።

ጥሩምባው ሲነፋ ለፋፊው መዝገቡ ላይ እንዳለው ነው የተናገረው፦ የባለሱቋ እናት አርፈዋል፣ ቀብር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት አቦ። ሰው ግር አለው። ነጠላውን አዘቅዝቆ መጀመሪያ ሱቁ ጋ ሄደ። ሱቁ ተዘግቷል። አንዱ «እናቷ ያኔ ሞተው የለም እንዴ?» ሲል፣ ሌላው «የሙስሊም ቀብር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አቦ?» ሲል ሰማሁ። ከዚያ አንዲት አሮጊት በእናቴ ወንበር አወቀች። የፕላስቲኩ ወንበር ሱቁ በር ላይ ባዶውን ቆሟል። «ኧረ እማማ ናቸው» አለች፤ ሰዉም ዞሮ ወደ እኛ ቤት ገባ። ጠዋት በአጥሩ እየሳቁ ያለፉት ሁለት ሴቶችም ከመካከላቸው ነበሩ። አንዷ እግሬ ሥር ወድቃ «አላወቅንም፤ ይቅር በይን» አለችኝ። ይቅር አልኳት። ሁለተኛዋ ይቅርታ ሳትጠይቅ ተቀመጠች፤ እሷን ገና እያሰብኩበት ነው።

ድንኳኑ ሲተከል መምህር መጡ። በደንቡ መሠረት የሚተከለው በአባሉ ደጅ ስለሆነ ሱቁ ፊት እንዲሆን አዘዙ። ጎረቤቴ «መምህር፣ ድንኳኑ ሰፊ ነው፤ ሁለቱንም በር ይሸፍናል» አለቻቸው። በእግራቸው ለኩት። አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። «ይሸፍናል» አሉ።

መሪ ተዋናዩም መጣ። ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ከኋላው ስልክ ከፍ አድርጎ የሚቀርጽ ሰው አስከትሎ ነበር። ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆማ «እዚህ ቀረጻ የለም» አለችው፤ ማን እንደሆነ እያወቀች። ስልኩ ወረደ፤ መነጽሩም ወረደ። ከወንዶቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ንፍሮ ዘገነ። አስከሬኑ ሲነሳ ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው፤ እስከ አቦ ድረስ ትከሻውን አልቀየረም። ስድሳ ያለፈው ሰው ነው፤ ወገቡም እንደሚያመው አውቃለሁ። ይህን አመሰግነዋለሁ። ማልቀስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ ያለውን ግን አልተውኩለትም።

መቃብሩ ጋ ስቆም ብዙ ዓይን እኔ ላይ ነበር። የሚጠብቁትን አውቃለሁ፤ በቴሌቪዥን ያዩትን ነው የሚጠብቁት። ምንም አልመጣልኝም። አፈሩ እስኪመለስ ቆምኩ። ጎረቤቴ ግቢው ውስጥ ስላልገባች ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጪ፣ ከአጥሩ ጥግ ቆማ ነበር። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ጠበቀችን። ስወጣ ክንዴን ይዛኝ ተመለስን፤ አስተዛዛኞቹ ፊት እኩል ቆምን። መምህር በመዝገባቸው ሐዘንተኛ ብለው የጻፉት እሷን ነው። ሰውም መጀመሪያ እሷን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል፤ ቀጥሎ እኔን። ቅር አላለኝም። ከእናቴ ጋር የዋለችው እሷ ናት፤ እኔ ያደርኩት ብቻ ነው።

በወሩ እሑድ ስብሰባ ሄጄ እድሩ እንዲመልሰኝ ጠየቅኩ። ማንም አልሳቀም። መምህር ተነስተው ደንቡን አነበቡ፦ ተሰርዞ የሚመለስ አባል ለስድስት ወር አንድም ቀብር መቅረት አይችልም።

«ይቻልዎታል?» አሉኝ።

«ይቻለኛል።»

«ቀረጻ ቢኖርስ?»

«ደንቡ ስለ ቀረጻ ምን ይላል?»

ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ሳቅ ነው ብዬ አልምልም።

የመጀመሪያው ጥሩምባ የተነፋው በሁለተኛው ሳምንት ነው። የሞቱት ከእኛ ሰፈር ወደ ላፍቶ ቤት የቀየሩ፣ መዝገባቸው ግን እኛ ዘንድ የቀረ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ በመልክም አላውቃቸውም። ያን ቀን ለቡ የሚቀረጸው ለእናቴ ሞት ብለው ያዘገዩልኝ ትዕይንት ነበር። ለድራማው አዘጋጅ ደወልኩለት። ጨዋ ልጅ ነው።

«እማዬ፣ ዛሬ እኮ ሁሉም ሰው የሚጠብቀው እርስዎን ነው» አለኝ። «ድንኳን ተከራይተናል።»

«ድንኳኑ ነገም ድንኳን ነው።»

«ነገ ሌላ ሰው ይወስደዋል።»

«እንግዲያው ሌላ እናት ፈልጉ» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ለማንም ብዬው አላውቅም። በእኔ ቦታ ሌላ ሴት አስገቡ። ሰው ደህና ሠራች ይላል፤ አላየሁትም።

በሚኒባስ ከጎረቤቴ ጋር ላፍቶ ሄድን። ድንኳኑ በር ላይ ያቺ ወፍራም ሴት ዕቃ ታከፋፍላለች። ስታየኝ ከእግሬ እስከ ራሴ ገመገመችኝና ማስታጠቢያውንና ማንቆርቆሪያውን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«አንቺ እጅ አስታጥቢ» አለች። «ማልቀሱን ለቤተ ዘመዱ ተይላቸው፤ ካንቺ ጋር ተወዳድረው አይችሉሽም።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ለቅሶ ቤት በሚሳቀው ልክ፣ ወደ ነጠላቸው ውስጥ። እኔም ሳቅኩ። ከዳር ጀምሬ በየረድፉ ዞርኩ። ወገቤ ይቆጠቁጣል፣ ውሃው ቀሚሴ ላይ ይረጫል። በሦስተኛው ረድፍ አንዲት ሴት እጇን ሳትዘረጋ ፊቴን አየችው።

«የፊልሟ እናት አይደለሽም?»

«ነኝ» አልኳት። «እጅሽን ዘርጊ፤ ከኋላሽ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

ዘረጋች። ውሃውን አፈሰስኩላት።